ማጭድ የተከለከለበት ገብስ

መሥሪያ ቤት ሳለሁ ስሜ አያሌው መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነበር። «አቶ እስከዚያስ» ነበር የምባለው። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚጠራኝ ባይኖርም በሩን ዘግቼ ስወጣ እሰማው ነበር። ስሙን ያወጣልኝ አንድ ተረበኛ የሒሳብ ሹም ነው፤ አልፈርድበትም። የጠቅላይ ግዛቱ በጀት ለውይይት በቀረበ ቁጥር አንዱ ኃላፊ ይነሣና «ይህ ግብር ቢጨመር ይህን ያህል ይገባል፤ ይህ ወጪ ቢቀነስ ይህን ያህል ይተርፋል» ብሎ አሳምሮ ያስረዳል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ እጄን አወጣና «እስከዚያስ?» እላለሁ። ገንዘቡ እስኪገባ፣ የታሰበው ነገር እስኪፈጸም፣ ታች ያለው ሰው ምን ይሁን? ለምሳ የቸኮለው ሁሉ ያኔ ፊቱን ያጠቁርብኛል።

ጥያቄው የእኔ አልነበረም። ከአጎቴ ነው የወረስኩት። እሳቸውም ጥማድ በሬ ከፍለውበታል። እንዴት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ በወረቀት አላሰፈርኩትም፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ጊዜ ተርፎኛልና ታገሡኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጣሊያን ደብረ ታቦርን ይዞ በነበረበት ዘመን እኔ ጢሜ ገና የሚያጎነቁል ጎረምሳ ነበርኩ። ዳዊት ደግሜ፣ ድቁና ተቀብዬ፣ ቅኔ ልማር ስሰናዳ ጦርነቱ ደረሰና ትምህርቱም መንገዱም ተዘጋ። እናትና አባቴን በልጅነቴ በሽታ ስለወሰደብኝ ያሳደጉኝ አጎቴ አድማሱ ናቸው። ከጉና ሥር የተቀመጠችው መንደራችን ጭቃ ሹም ነበሩ። ጭቃ ሹም ማለት የላዩን ትእዛዝ ወደ ታች፣ የታቹን ሮሮ ወደ ላይ የሚያደርስ፣ በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን የሚሰደብ ሰው ማለት ነው። አጎቴ ስድቡን ለምደውት ነበር።

ልጅ አልወለዱም። በዓለም ላይ ከአክስቴ ከጥሩነሽ ቀጥሎ የሚወዱት ሁለት በሬዎቻቸውን ነበር። አንዱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ፣ ሌላው አመድማው ዳለቻ ነው። ከጥጃነታቸው ጀምሮ በእጃቸው ያሳደጓቸው፣ አብረው የተገሩ በሬዎች ነበሩ። አጎቴ ማታ ማታ ጫንቃቸውን ቅቤ ሲቀቡ አክስቴ ከደጅ ቆማ «እኔንስ እንዲህ አሻሽተውኝ ያውቃሉ?» ትላለች። እሳቸውም «አንቺ መቼ ቀንበር ተሸክመሽ ታውቂያለሽ» ብለው ይመልሳሉ። ቤታችን ይህን የመሰለ ቤት ነበር።

ጣሊያን ምሽጉን ሠርቶ የተቀመጠው ከተማው ላይ ነው። ጉና ላይ ደግሞ ግራዝማች ወንዴ የሚባሉ የአርበኛ አለቃ ነበሩ። ለእኛ መንግሥታችን እሳቸው ናቸው፤ ዳኝነት የምናየው እሳቸው ዘንድ ነው፣ አዋጅ የሚያስነግሩት እሳቸው ናቸው፣ የጦሩን ስንቅ የሚሰበስቡትም እሳቸው ናቸው። ችግሩ ምሽጉም እህል ይበላል። በባንዳ ነጋዴዎች በኩል ገብስ በጥሩ ብር ይገዛ ነበር። የቸገረው ገበሬ፣ አንዳንዴም ያልቸገረው፣ አጭዶ ወቅቶ በጎን ይሸጣል። አምና በክረምቱ የግራዝማች ሰዎች ቅጠልና ሥር እየቀቀሉ ሲበሉ ከረሙ፤ በረሃብ የሞተም ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ገብሱ ገና አረንጓዴ ሳለ ግራዝማች የየመንደሩን ጭቃ ሹሞች ወደ ጉና አስጠሩ። እኔ የአጎቴን ጋሻና ስንቅ ይዤ ተከትዬ ወጣሁ። ቦታው ከአለት ሥር ያለ ሰፊ መጠለያ ነው። ቆዳ ላይ የተቀመጡት ግራዝማች ከሲታ፣ ዓይነ ትልልቅ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ጸሐፊያቸው ቆሞ አዲሱን ሐሳብ ዘረዘረ።

«እስከ አሁን ስንቅ የምንሰበስበው ከታጨደ በኋላ ነበር። እኛ እስክንደርስ ግማሹ ለጠላት ይሸጣል፣ ግማሹ ጉድጓድ ይገባል፣ ለጦሩ ትርፍራፊው ይቀራል። ዘንድሮ እንደ ጥንቱ አስራት ገማች ይወጣል። ገማቹ ገብሱን በቁሙ አይቶ ይገምታል፤ ካምስት እጅ አንዱ ለጦሩ ይሆናል። ለክረምቱ ምን ያህል እንዳለን አስቀድመን እናውቃለን ማለት ነው። ገማቹ ሳያይ ግን ማንም ማጭድ እንዳያስገባ።»

እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡን ስሰማ ጥሩ መሰለኝ። ገማች በጥንት ጊዜም የነበረ፣ ሽማግሌዎች ሁሉ የሚያውቁት ሥርዓት ነው። ማሳውን ዞሮ፣ ዛላውን በመዳፉ አሽቶ፣ እፍ ብሎ ፍሬውን አይቶ «ይህ ማሳ ይህን ያህል ይሰጣል» የሚል ሰው ነው። ገበሬው ደግሞ በበኩሉ እያለቃቀሰ፣ ጠላውን እያቀረበ ያስቀንሳል። በጭቃ ሹሞቹ መካከል የተቃወመ አልነበረም። አጎቴ ብቻ ተነሡ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ገብሱ ደርሶ ገማቹ ባይመጣ፣ እስከዚያስ?»

«ገማቹማ ይመጣል» አለ ጸሐፊው።

«ይምጣ። እስኪመጣስ? የጉና በረዶ እንደሆነ ገማች አይጠብቅም።»

ሰዉ ሣቀ። ግራዝማችም ፈገግ አሉ። «አድማሱ፣ በረዶውን ለእግዚአብሔር ተወው። ሌባውን ለእኔ ተወው» አሉ። እንደገና ተሣቀ፤ አጎቴም እያፈሩ ተቀመጡ።

ከዚያ እያንዳንዱ ጭቃ ሹም እየተነሣ ማለ። መሐላው ያለ መያዣ አይሆንም ተባለ። ፊተኛው ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ጭቃ ሹም ካሴ ነበሩ። ደረቅ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸው የሰው ድንበር ገፍቶ በሸንጎ ፊት ፈርደውበታል። እሳቸው «በማዶ ገማች ሳያይ ማጭድ ከገባ በሬዎቼን ውሰዱ» አሉ። የእሳቸውን አይቶ ሁሉም በሬዎቹን አስያዘ። ተራው የአጎቴ ሲሆን ትንሽ ዘገዩ፤ ከዚያ ቦራንና ዳለቻን በስማቸው ጠርተው አስያዙ።

ገብሱ ደረሰ። እንዲያ ያለ ገብስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዛላው ወፍራም፣ ቁመቱ እስከ ወገብ ነው። እሸቱን ማንም አልከለከለንም፤ ልጆች እየጠበሱ በሉ። ከዚያ እሸትነቱ አለቀ፣ ማሳው ነጣ፣ ዛላው አንገቱን ሰበረ። ገማቹ አልመጣም።

በኋላ ወሬው ደረሰን። ባላምባራስ ይመር የተባሉት ገማች በሌላው የተራራው ጎን ሲገምቱ ቆይተው ወደ እኛ ሊሻገሩ ሲሉ ጠላት መንገዱን ቆርጦ ሰፍሯል። እስኪነሣ ድረስ ማለፍ የለም። እኛም በየቀኑ ማሳው ዳር እየወጣን እንቆማለን። ወፉ ይበላል፣ ደርቆ የተሰበረው ይረግፋል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከጉና አናት ላይ ይቆለልና ያጉረመርማል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል፤ ደመናው ወደ ሌላ ወገን ሲያልፍ «እፎይ» ይባላል። አንድ ቀን ከሸንተረሩ ባሻገር በረዶ ወረደ። ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መንደሩ በሙሉ አጎቴ ደጅ ላይ ተሰበሰበ። ሴቶችም መጥተዋል።

«ጭቃ ሹም፣ ምን ይሻላል?» አሉ አያ ደርሶ የተባሉ ሽማግሌ። «ዛሬ ወይ ነገ እኛም ዘንድ ይወርዳል።»

«አዋጁን ሰምታችኋል» አሉ አጎቴ።

«አዋጁንማ ሰምተናል። ልጆቻችን ግን ክረምቱን አዋጅ አይበሉም!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። አራስ ነበረች፣ ልጇን አዝላ።

አጎቴ ተነሥተው ወደ በረት ገቡ። ተከትዬ ስገባ በቦራና በዳለቻ መካከል ቆመው አንድ እጃቸውን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ጫንቃ ላይ አድርገው አገኘኋቸው። ምን እንደሚያስቡ ለማወቅ ቅኔ መማር አላስፈለገኝም።

«አያሌው» አሉኝ ሳይዞሩ፣ «ያለ በሬ የሚኖር ገበሬ አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ አባባ።»

«ይኖራል አይደል?»

«እየለመነም ቢሆን ይኖራል።»

«ያለ እህል የሚኖር መንደርስ?»

መልስ ሳይጠብቁ ወጥተው ለሰዉ እንዲህ አሉ፤ «እናጭዳለን። ነገር ግን በየማሳው መሐል አውድማ የምታህል ቦታ ሳትነካ ትቁም። ገማቹ ሲመጣ እሷን አይቶ ይገምታል። ከመንግሥት ልንሰርቅ አይደለም፤ ከበረዶ ልንሰርቅ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማንም ቢጠይቃችሁ አድማሱ አዘዘን በሉ።»

እኔን ወደ ማዶ ላኩኝ። ጭቃ ሹም ካሴን ማሳቸው ዳር በትራቸውን ተደግፈው አገኘኋቸው። የእነሱ ገብስ ከእኛም ይበልጥ ነበር። «አጎቴ ልናጭድ ነው፣ አብራችሁ ግቡ ይሉዎታል» አልኳቸው። ገብሱን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩ።

«የማልኩትን ምን ላድርገው?» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉም እንደ መሰለው ካጨደ ከርሞ አርበኛ የሚባል አይኖርም። ለአጎትህ ንገረው፤ አልከሰውም። አላየሁህም። እኔ ግን አላጭድም።»

በክፋት አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ኋላ የሆነውን ስትሰሙ እንዳትታዘቧቸው ነው።

ያን ቀን መንደራችን ውስጥ ቤት የቀረ ሰው አልነበረም። ቄሱ ሳይቀሩ ጥምጥማቸውን አውልቀው ገቡ። ወንዱ ያጭዳል፣ ሴቱ ይሰበስባል፣ ነዶው በሰውና በአህያ ጀርባ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ይጋዛል፤ ክምር ከሩቅ ከታየ ጠላት ያቃጥለዋልና እዚያ ዛፍ ለዛፍ ከመርነው። እንደ ሌላው ጊዜ ደቦ ዘፈን አልነበረም። በማግስቱም ቀጠልን። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ነዶ ሲነሣ ሰማዩ ጠቆረ።

በረዶው ሲወርድ ከዛፎቹ ሥር ተጠግተን ነበር። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ እንደ ሽምብራ፣ ከዚያ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ይወርድ ጀመር። ሲያባራ ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆነ። በየማሳው መሐል ያቆምናት ገብስ አፈር ውስጥ ተቀብራ ዛላዋም አልታየንም።

ሰዉ ተቃቅፎ እልል ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው ከወንዙ ማዶ ዋይታ ተሰማ። የሴቶች ዋይታ ነበር፣ ሰው የሞተባቸው ይመስላል። እልልታው በየአፉ ደርቆ ቀረ። አጎቴ ወደ ማዶ እያዩ «ትክክል ነበርኩ ማለት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር» አሉ፤ ግን ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም።

ጠላት ሰፈሩን ነቅሎ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ገማቹ እየመጡ መሆናቸውን ሰማን። አያ ደርሶ ዘዴውን ይዘው መጡ። «ነገሩ እግዚአብሔር ያሳመረው ነው» አሉ። «ማሳው መሐል ያለችው ቁራሽ በበረዶ ተቀብራለች። ሁሉም እንዲያ ሆኖ ነበር፣ የወደቀውን ለከብት መኖ አጭደነው ነው እንበል። ማዶም እንዲያው ጠፍቷል፤ ማን ይጠረጥራል? አዋጅ አልፈረሰም፣ በሬዎቹም ይተርፋሉ፣ አስራትም የለም።»

ሰዉ ሁሉ አጎቴን አየ። አክስቴ ጥሩነሽ ቀርባ ክንዳቸውን ያዘች። «እባክዎ፣ እሺ ይበሉ። በሬዎቹን ያትርፉ።»

ባላምባራስ ይመር የመጡት በእግራቸው ነው፤ በቅሏቸውን ጠላት ወስዶባቸዋል። እግራቸው ቆስሎ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ጉንጫቸው ገብቶ ጥርሳቸው ጎልቶ ይታያል። ከማዶ ጭቃ ሹም ካሴን ይዘው ነው የመጡት። ማሳችንን ዳር ዳሩን ዞሩ፤ መሐል ላይ ያለችውን የተቀበረች ቁራሽ በበትራቸው ነካ አደረጉ። አንድ ዛላ ከጭቃው አውጥተው በመዳፋቸው ሊያሹት ቢሞክሩ ጭቃ ብቻ ሆነ።

«በረዶው ነው ጌታዬ» አሉ አያ ደርሶ። «አንድ ፍሬ አላተረፈልንም። የወደቀውን ለከብት አጨድነው።»

ገማቹ አልተከራከሩም። ማዶን አይተው መጥተዋላ! ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው አለቀ» አሉ ቀስ ብለው። «የዚህን ወገን ገብስ ተስፋ አድርገን ነበር። ጉና ላይ ያለው ሰው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልበላም። ለግራዝማች ሰዉን ይበትኑት፣ ወደየቤቱ ይሂድ እላቸዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?» ይህን ሲሉ በእጃቸው ላይ የቀረውን ጭቃ በልብሳቸው ይጠርጉ ነበር።

ጭቃ ሹም ካሴ አጎቴን አዩ። ማጨዳችንን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የሌላ መንደር ሰው አልነበረም። ቃላቸውን ጠብቀው ዝም አሉ። እኔ ደግሞ አጎቴ እንዲናገሩም እንዳይናገሩም እጸልይ ነበር።

አጎቴ ወደ ድንጋዩ ሄዱና እጃቸውን ዘረጉ። «ባላምባራስ፣ ይነሡ። የማሳይዎት ነገር አለ።»

«አድማሱ!» አለች አክስቴ። ባሏን በስማቸው ስትጠራ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

ደኑ ውስጥ ክምሩን ሲያዩ ገማቹ መጀመሪያ አላመኑም። ሄደው ነካኩት፣ ዛላ መዝዘው አሹ፣ እፍ ብለው ፍሬውን አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። እያኘኩ እንባቸው ወረደ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው «ጭቃ ሹም አድማሱ፣ ይህ ሁሉ ሳልገምት ነው የታጨደው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

«እንግዲህ ወደ ግራዝማች አብረን እንወጣለን። በሬዎቹም ይምጡ።»

እኔ ቦራንና ዳለቻን እየነዳሁ፣ አጎቴና ጭቃ ሹም ካሴ ጎን ለጎን እየሄዱ፣ ገማቹ በአህያ ላይ ተቀምጠው ጉናን ወጣን። ለተራበው ጦር የሚሆን አንድ ሁለት ጭነት ገብስም ተከትሎን ነበር። ዳገቱ ላይ አጎቴ ሲደክማቸው ካሴ ክንዳቸውን ሰጧቸው።

ግራዝማች ወንዴ እዚያው ከአለቱ ሥር ነበሩ። ባላምባራስ ያዩትን ሁሉ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ግራዝማች ወደ ካሴ ዞሩ።

«ከማዶ ምን ይደርሰናል?»

«ምንም፣ ጌታዬ። አንድ ማጭድ አላስገባሁም። አዋጁን አክብሬያለሁ።»

«ሰዎችህስ ምን ይበላሉ?»

ካሴ መሬት መሬቱን አዩ። «ምንም የላቸውም፣ ጌታዬ።»

«ከአንተስ፣ አድማሱ?»

«ገብስ አለኝ። አዋጁን ግን አላከበርኩም።»

ግራዝማች ያከበረውንና ያላከበረውን እያፈራረቁ ያያሉ። «ያን ጊዜ እስከዚያስ ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«ብዬ ነበር።»

«እኔም ሥቄብህ ነበር።» ቀና ብለውም ቀጠሉ፤ «አሁን እኔ ልጠይቅህ። አንተ ብትሆን እንዴት ታደርግ ነበር?»

«ገበሬው ሲደርስለት ይጨድ። ገማቹ አውድማ ላይ ይምጣና ከተወቃው ላይ ይውሰድ።»

ጸሐፊው መታገሥ አልቻለም። «አውድማ ላይ እስክንደርስማ ይደብቁታል! ያንን ለማስቀረት አይደለም ወይ ይህ ሁሉ?»

«ይደብቁ» አሉ አጎቴ። «የደበቀ ሰው እኮ ያለው ሰው ነው። ለምነውም ሆነ አስፈራርተው ከእሱ ላይ ያገኛሉ። የካሴ ሰዎች ግን ምንም አልደበቁም፤ እስቲ ሂዱና ውሰዱ።»

ግራዝማች ግንባራቸውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ። ፍርዱን ሲሰጡ ድምፃቸው ከወትሮው ይበልጥ ዝግ ያለ ነበር።

«ከእንግዲህ አስራት አውድማ ላይ ነው። አዋጁ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ከአድማሱ መንደር ገብስ ካምስት እጅ አንዱ ለጦሩ፣ አንዱ ለማዶ ይሁን፣ የቀረው የመንደሩ ነው። በሬዎቹ ግን...» ቆም አሉ። «አድማሱ፣ በሬዎቹን አስይዘህ ምለሃል። አዋጁ ስለተሳሳተ መሐላህን ብምርልህ ነገ የምናገረውን ማን ይፈራልኛል?»

«እኔም አልጠይቅዎትም። የማልኩት እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ።

«እንግዲያው በሬዎቹ ቃሉን ለጠበቀው ለካሴ ይሁኑ።»

ካሴ እንደ ተመታ ሰው ደነገጡ። ሊናገሩ ነበር፤ ግራዝማች እጃቸውን አነሡ፣ አለቀ። አጎቴ ከእኔ እጅ ገመዱን ተቀብለው ለካሴ ሰጡ። «ቦራን በቀኝ ጥመደው» አሏቸው። «በግራ ከሆነ ይታወካል።» ስንወርድ ባዶ ገመድ እንደያዘ ሰው እጃቸው ጭብጥ እንዳለ ነበር። እኔ ከኋላቸው እያለቀስኩ ሄድኩ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

ያን ክረምት ከእኛም ከማዶም በረሃብ የሞተ ሰው የለም። ጠግበን ከረምን አልልም፤ ሰዉም «ለማዶ ስናካፍል ነው ያነሰብን» እያለ አጎቴን ሲያማ ነበር። ከርሞ ገማቹ አውድማ ላይ መጡ። የተደበቀ ነበር፣ አዎ፤ ጸሐፊው የፈራው ደረሰ። ግን ጉና ላይ የተራበ ሰው አልነበረም።

ነፃነት ሲመለስ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ይፈለግ ነበርና እኔም መንግሥት ቤት ገባሁ፤ ዕድሜዬን በግምጃ ቤትና በበጀት ክፍል ጨረስኩ። እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ከመካከላችሁ በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ የምትቀመጡ ትኖራላችሁ። የሚቀርብላችሁ ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ግራዝማች አዋጅ ያለ ነው፤ አሳቢው ክፉ ሰው አይደለም፣ ምክንያቱም ትክክል ነው፣ ሌባም በእርግጥ አለ። እንዲያም ሆኖ ገብሱ ሜዳ ላይ ቆሞ ሰማዩ ይጠቁራል። እኔ በዕድሜዬ ስንት ጊዜ «እስከዚያስ?» ብዬ መልስ እንዳላገኘሁ አልቆጠርኩም። ቢሆንም መጠየቄን አልተውኩም፤ ለዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰው፣ ሙሉ መልስ ሲመልስ አይቻለሁና።

በሬዎቹ ወደ ማዶ ከሄዱ በኋላ በመጣው ሰኔ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አርሶታል፣ ጎረቤት ሁሉ ጠምዷል። ለአጎቴ በሬ የሚያበድር አልተገኘም፤ በዚያ ሰሞን የእያንዳንዱ በሬ ለራሱም አይበቃውም። እሳቸው ዶማ ይዘው፣ እኔም ዶማ ይዤ፣ ማሳው ጥግ ላይ መቆፈር ጀመርን። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ያልፋል።

ቀና ስንል ጭቃ ሹም ካሴ ከወንዙ በኩል ሲወጡ አየን። ቀንበርና ሞፈሩን ራሳቸው ተሸክመዋል፤ ከፊታቸው ቦራና ዳለቻ ይሄዳሉ። በሬዎቹ ማሳውን ሲያዩ ሳይነዷቸው ገቡ። ካሴ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ቀንበሩን ጫኑና መጥመድ ጀመሩ።

«ካሴ» አሉ አጎቴ፣ ዶማቸውን እንደያዙ። «በሬዎቹ የአንተ ናቸው። መሬትህ ሳይታረስ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ልጆቼ የበሉት ገብስስ የማን ነበር?»

«የእኔን አርሰህ ማዶ እስክትሻገር የዘር ጊዜ ያልፍብሃል። እስከዚያስ?»

«እስከዚያ» አሉ ካሴ ማነቆውን እያጠበቁ፣ «አንተም ከእኔ ጋር ትሻገራለህ፣ ልጁም ይሻገራል፣ የመንደሬም ሰው ዶማ ይዞ ወንዙ ዳር እየጠበቀ ነው። ና፣ እርፉን ያዝ። ቦራን በቀኝ ነው የጠመድኩት፣ እይ።»

አጎቴ አዩ። ቦራ በቀኝ ነበር። ዶማው ከእጃቸው ወደቀና፣ ጉና ላይ ያላለቀሱት ሰው እዚያው ማሳው መሐል ቆመው እንደ ልጅ አለቀሱ። ካሴ ጠበቋቸው፤ ከዚያ እርፉን ሰጧቸው፣ እኔም ዘሩን አነሣሁ።